ለመተማመኛ ያጠበቅኩት

ወንድም ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ቤታችሁን በጤና እንዲያገኘው እየተመኘሁ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለህ? የአባባ ዓይንስ እንዴት ነው? የእማዬ እግር እብጠቱ ጎደለላት? እኔ ከንዴት በቀር የያዘኝ በሽታ የለም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። እንደ ልማድህ መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው፤ ለአባባ ጮክ ብለህ የምታነብላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ፖስታው ለምን እንዳበጠ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ፤ አሁን አትጎርጉረው።

ባለፈው ደብዳቤህ አባባ የመሣሪያ ሳጥኑን ቁልፍ ዛሬም ከአንገታቸው እንዳላወረዱ ጽፈህልኛል። አራት ዓመት ሙሉ! ጎረቤት የተበላሸ ነገር ይዞ ሲመጣ አንተ መብራት ትይዛለህ፣ እሳቸው በዚያ በደከመ ዓይናቸው ብሎን ይፈልጋሉ፣ መፍቻ ግን አያስነኩህም። አንተ ቀልድ አስመስለህ ነው የጻፍከው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ያቺ የውሃ ፓምፕ ተሰንጥቃ የጓሮው ሽንኩርት ደርቆ ከቀረ ወዲህ እጅህ የማይታመን እጅ ተብሎ መቅረቱ ያንገበግበኛል። ለምን እንደሚያንገበግበኝ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ነፍሴን ያወጣችውን ሞተር ጉድ ስማልኝ።

እኔ የምሠራበት ጋራዥ የምትመጣ አንዲት የከብት ሐኪም አለች። መኪና የማይደፍረውን ዳገት የምትወጣው በባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡሬተሯን አጽጂልኝ ብላ ሰጠችኝ፤ አጸዳሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ሞተሯም ምንም ሳትል ሄደች። በሳምንቷ ተመለሰች። ሳትነዳ ቆማ ስትሠራ፣ ሚኒሞ ላይ ማለቴ ነው፣ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ነዳጅ መስጫውን ስለቀው ደግሞ ከማርሚታዋ፣ ከጭስ ማውጫዋ፣ ጧ! ጧ! ታደርጋለች። የመጀመሪያው ቀን የግቢው ውሻ አጥር ዘሎ ጠፋ፤ እስካሁንም ለምሳ ካልሆነ ብቅ አይልም።

ካንዴላ ቀየርኩ፤ ጧ አለች። ነዳጁን ደፍቼ ሌላ ሞላሁ፤ ጧ። ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ እነዚያን እንደ መርፌ ዓይን የጠበቡ ቀዳዳዎች በንፋስ ነፋሁ፣ በብርሃን አየሁ፤ ንጹሕ ናቸው። የቫልቮቹን ክፍተት ለካሁ፣ የማርሚታውን መጋጠሚያ ፈተሽኩ፤ ሁሉም ደህና ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፀጥ ብላ ተነሣችልኝና ዳነች ብዬ ለባለ ጋራዡ ልነግረው ስሄድ ከኋላዬ ጧ! አለችብኝ። እሱም እየጠገንሻት ነው ወይስ እያባበልሻት ብሎ ደንበኛው ሁሉ ባለበት አሳቀብኝ። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለች ጎማ ወደ መለጠፍ እንደምዛወር ጨምሮ ነገረኝ። ለአንዲት ሞተር! ከዚያች ቀን ጀምሮ መፍቻ ሲወድቅብኝ እንኳ እሷን ነበር የምሰድባት።

በዚህ መሀል ሐኪሟ ምጥ የያዛትን ላም ለማየት ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ዘግይታ ደረሰች፤ ጥጃው ሞቷል። መጥታ አልጮኸችብኝም፤ የራስ ቁሯን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ ስትድን ጥሪኝ ብላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ ቃል ስለሚቆጥብ ዝምታው እንለዋለን። እሱ ነው ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ የአየር መዝጊያውን ስትስቢው ትረጋጋለች አይደል ያለኝ። አዎ አልኩት። እንግዲያው አየር መግባት በሌለበት በኩል እየገባ ነው፣ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ላስቲክ እዪው አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ እሳት ጎረስኩ። እሱን የገጠምኩት እኔው ነኝ፣ የማየው የለኝም አልኩት። ይባስ ብዬ ምናልባት እኔ ሳልኖር የነካካሃት አንተ ነህ አልኩት። ሰውየው ወደ ራሱ ሥራ ተመለሰ። ሦስት ቀን ምሳውን ብቻውን በላ፣ እኔም ሦስት ቀን ቀዳዳ ስነፋ ዋልኩ።

ዓርብ ዕለት እሱ ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ ጠብቄ፣ እንዳያየኝ ፈርቼ፣ ሞተሯን አስነሥቼ ላስቲኩ ዙሪያ በመርጫ ውሃ ረጨሁ። ከላይ ምንም የለም። ከጎን ምንም የለም። ከሥሩ፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል ስረጭ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ ውሃውን ስባ ትን አላትና ልትጠፋ ደረሰች። ፈታሁት። ልክ የብረት ማሰሪያው በተቀመጠበት መስመር ላይ ላስቲኩ የጥፍር ያህል ተቀዷል። ብረቱ ነክሶ ነው የቀደደው፤ ብረቱን ያስነከሰው ደግሞ ካቻቢቴው፣ ካቻቢቴው ያለው በእኔ እጅ።

አባባ ብሎን አጥብቀው ሲጨርሱ ሩብ ዙር ይጨምሩና "ይቺ ለመተማመኛ" ይላሉ። ለእሳቸው ሩብ ነበረች። እኔ ጋ ስትደርስ ግማሽ ሆነች፣ አንዳንዴም ሙሉ። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ነው የሚጨምረው። ዝምታውን ይቅርታ ስጠይቀው ሻይ ግዢ ብቻ አለኝ። አዲሱን ላስቲክ ገጥሜ፣ ማሰሪያው ያዝ ሲያደርግ ካቻቢቴውን ወርውሬ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሞተሯ አሁን አትንቀጠቀጥም፣ አትተኩስም፤ ሐኪሟም ወስዳታለች። ባለ ጋራዡ ጎበዝ አለኝ። እኔ ግን ዓርብ ዕለት ያንን ቀዳዳ ካየሁ ጀምሮ ጎበዝ መባልን መቀበል አልቻልኩም።

ምክንያቱ ፓምፗ ናት። አንተ ብሎኗን አጥብቀህ ጨርሰህ እጅህን ልትታጠብ ስትሄድ መፍቻው መሬት ላይ ነበር። አነሣሁት። ለመተማመኛ ብዬ አንድ ዙር ጨመርኩበት፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መፍቻው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በማግስቱ ውሃው በስንጥቁ ሲፈነጥቅ አባባ ማነው ያጠበቀው ብለው ሲጮኹ፣ አንተ እኔ ነኝ አልክ፤ ካንተ ሌላ የነካት መኖሩን አታውቅማ። እኔ ባልዲ ይዤ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ያን ሰሞን አባባ ስለ እኔ ለሰው ሁሉ የልጄ እጅ ወርቅ ነው ይሉ ነበርና ወርቁን ማጣት አልፈለግኩም። ወደዚህ ስመጣም መፍቻቸውን መርቀው ለእኔ ሰጡኝ። ያንተን ድርሻ ተቀብዬ ነው የወጣሁት። በዝምታው ላይ ያደረግኩትን መጀመሪያ የተለማመድኩት ባንተ ላይ ነው። አፍሬያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አጣሁ።

አውቅሃለሁ፤ እኔን ልትሸፍን ይህን ክፍል ልትዘለው ታስባለህ። እንዳትዘል። ከ"ምክንያቱ ፓምፗ ናት" እስከዚህ ድረስ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ፖስታው ውስጥ ያለው የተቀደደው ላስቲክ ነው፤ መዳፋቸው ላይ አድርግላቸው። ዓይናቸው ቢደክምም አውራ ጣታቸው ቀዳዳውን አያጣውም፤ ምን እንደቀደደውም ለእሳቸው የሚነግር አያስፈልጋቸውም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድትቀመጥ ተቆጣልኝ። ለባለቤትህ፣ አንተን ችላ ለኖረች፣ ብዙ ብዙ ሰላምታ። ቀበጧ ታናሽ እህታችን ለመጻፍ ጊዜ የለኝም ማለቷን ትታ ሁለት መስመር ትላክልኝ። ለአባባም ሰላምታ አለኝ፤ እሱን ግን መጨረሻ ላይ ንገራቸው፣ የፓምፗን ነገር ከሰሙ በኋላ። ሰምተው ካልተቀበሉኝ ሰላምታዬ እዚሁ ወረቀቱ ላይ ይቆይ፤ ቁልፉ ብቻ ከአንገታቸው ይውረድልህ።

እህትህ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፱ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት