ለስላሳውን ካልሲ ስላልሰፋሁልሽ

ልጄ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ላንቺ ልጻፍልሽ፤ የአባትሽን እጅ ከሰው ያራቅሁት እኔ ነኝ።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? የተሰበረው እግርሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እያቃተኝ ነው እንጂ ማንበቡን አልተውኩም።

በጥጥ የተሞላ ካልሲ ስፊልኝ ብለሽ የላክሽውን ልክ አይቼ መቀሴን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። አባትሽም የእጁ አንጓ ተሰብሮ ጄሶው ከተፈታ በኋላ እጁ ልክ እንዳንቺ እግር አንዴ ይቀላል፣ አንዴ ይጠቁራል፤ አንሶላ ሲነካው ይጮህ ነበር። ባልደረቦቹ ሥራ ጠልቶ ነው አሉ። እኔ ግን እሱን አመንኩት። አምኜው ጥጥ የሞላሁበት ከረጢት ሰፋሁና እጁን አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት። ልትይዥው ስትሮጪ "አትንኪው!" ብዬ እመልስሽ ነበር። እሱ እኮ ዘርግቶልሽ ነበር።

አሁን ጎረቤቴን ነርሷን በጥያቄ አሰልችቻታለሁ። "እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊፈትኑኝ መጡ?" ትለኛለች፤ መጽሐፎቿን ግን አትነፍገኝም። የሚገርም ነገር ነው ልጄ! አጥንቱ ከዳነም በኋላ ነርቮቹ አደጋው ያላለፈ ይመስል መጮሃቸውን አይተዉም። ቆዳው ሥር እብጠትና ትኩሳት የሚያመጣ ነገር ይለቃሉ። የደም ሥሮችን የሚያጠብቡትና የሚያሰፉት ነርቮችም ይዛባሉ፤ ቀለሙ የሚለዋወጠው ለዚያ ነው። ህብለ ሰረሰርም ትንሿን ንክኪ አጉልቶ ወደ ላይ ያሳልፋል። አንጎል ውስጥ ደግሞ ለየአካላችን የተመደበ ቦታ አለ፤ አካሉ ካልተነካና ካልተንቀሳቀሰ ያ ቦታ ይደበዝዛል አሉ። "ታዲያ የኔ ጥጥስ?" ብዬ ጠየቅኋት። "ያኔ ማን ያውቅ ነበር፣ እማማ" አለችኝና ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

ስለዚህ በካልሲው ፋንታ ቁርጥራጭ ጨርቅ ልኬልሻለሁ፤ ሐር፣ ጥጥ፣ ሱፍ፣ ጆንያም አለበት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያሽን አማክሪና ከለስላሳው ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እግርሽን አለማምዱት። ያማል፣ አውቃለሁ። ብቻሽን እንዳትሞክሪው።

ባልሽ "አጥንቱ ድኗል ተብሏል፤ አሁንስ አበዛሽው" እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። አትቀየሚው። እኔ አምኜ ያጠፋሁትን እሱ ሳያምን ቢያጠፋ ምን ይገርማል?

ረግጠሽ ስትሄጂ እግዜር ያሳየኝ። ሕመሙን ከላይሽ ያንሳልሽ።

እናትሽ

ይህን ከባልሽ እጅ ከተቀበልሽ አትደነቂ፤ ፖስታው ላይ የጻፍኩት የእሱን ስም ነው። ቀድሞ እሱ ያንብበው።