ዝም ባሉበት አፍ የተናገሩት ወይዘሮ ኤልፍነሽ ተገኝ

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ከአባታቸው ከአቶ ተገኝ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምኞት ደስታ በ1949 ዓ.ም. በፍቼ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ዘጠነኛ ለምን እንዳልገቡ ሲጠየቁ “መምህሩ ከእኔ ጋር መከራከር ሰለቸው” ይሉ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ከአቶ ፍስሐ በላይ ጋር ጋብቻ መሥርተው ታዲዮስንና ሰሎሜን አፍርተዋል። አቶ ፍስሐ ቀድመዋቸው አርፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ለባለቤታቸው ዲቪ ደርሶ ወደ አትላንታ መጡ። ከከተማው ዳር ታከር በምትባል ቦታ እየኖሩ፣ ዱሉዝ በምትባል ጎረቤት ከተማ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ በዕቃ ማሸግ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። አጠገባቸው ቆመው የሚያሽጉት ወይዘሮ ማይ ነበሩ፤ ከላኦስ የመጡ፣ ሞንግ ከሚባለው ሕዝብ የተወለዱ። ሁለቱ የሚግባቡት በአውራ ጣትና በሳቅ ቢሆንም ምሳቸውን ከአንድ ዕቃ ይበሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የእንጨት ፓሌት ላይ የተደረደረ ዕቃ በሙሉ በተሳሳተ የአድራሻ ሌብል ወጣ። ሌብሉን የለጠፉት ወይዘሮ ኤልፍነሽ ናቸው፤ ሁለት ሳምንት ከሥራ የታገዱት ግን ወይዘሮ ማይ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ፈርተው ዝም አሉ። ይህ በቀብር ቀን ይነበባል ወይ የሚል ካለ፣ ይጻፍ ብለው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። “ቀንሳችሁ ካነበባችሁ ከሳጥኑ እነሳለሁ” ብለዋል። እሳቸው ደግሞ ያሉትን አይተዉም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ወይዘሮ ማይ ስትሮክ መታቸውና የነበረቻቸው ጥቂት እንግሊዝኛ ጠፋች፤ የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ቀረ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ በየእሑዱ ሊጠይቋቸው ሄደው እንደ ዲዳ ተቀምጠው ይመለሱ ነበር። ሰሎሜ “እማዬ፣ እኔ ለወይዘሮ ማይ ልጅ ልንገራትና እሷ ትራንስሌት ታድርግላቸው” ብትል፣ “ዝም ያልኩት በገዛ አፌ ነው፤ የምናገረውም በገዛ አፌ ነው” አሉ።

በስድሳ አራት ዓመታቸው የሞንግን ቋንቋ በኦንላይን መማር ጀመሩ። ጎረቤት ሁሉ “መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ይጨርሱታ!” አለ፤ ይህን የጻፈችው ጎረቤታቸውም ብላለች። የመጀመሪያውን ደረጃ በአንድ ዓመት ጨረሱ፤ “ይቅርታ” ማለት ያኔ ችለዋል። ያጠፉትን ከነምክንያቱ መናገር ግን የመካከለኛው ደረጃ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቁ። የአፓርትማችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ልምምዳቸውን ሲሰማ የከረመው ሕንፃ በሙሉ አብሯቸው ወድቋል። መምህርቷ ወደ ጀማሪዎች ይመለሱ ስትላቸው “እኔ ሪቨርስ አላደርግም” አሉ። መኪናቸውን ፓርክ ሲያደርጉ ያየ ሁሉ እውነት መሆኑን ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በሦስተኛው ሙከራ አለፉ። በቀጣዩ እሑድ ሄደው ነገሩን ከሌብሉ ጀምረው እስከ ዝምታቸው ድረስ ለወይዘሮ ማይ ተናገሩ። ወይዘሮ ማይ እስከ መጨረሻው ሰሟቸውና በደህናው እጃቸው በሩን አሳዩአቸው። ሰሎሜ መኪና ውስጥ ስታለቅስ እናትየው ፊታቸው በርቶ ነበር። “ምን ያስለቅስሻል? ተቆጣች እኮ! ገባት ማለት ነው።”

አራት እሑድ በሩ አልተከፈተም። አራቱንም እሑድ ሄደው ደጅ ቆመው ተናገሩ። በአምስተኛው ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እሑድን በሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር፤ አንዳንዴም ማን እንዳሸነፈ ከፊታቸው ይታወቅ ነበር።

ወይዘሮ ኤልፍነሽ በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላም ትምህርቱን አላቋረጡም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ የመካከለኛው ደረጃ ተማሪ እንደሆኑ አረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ።

ወይዘሮ ማይ እነሆ ከፊት ረድፍ በዊልቼር ተቀምጠዋል። ከዚህ ንባብ በኋላ በቋንቋቸው ይናገራሉ። ልጃቸው ልተርጉም ብትል እምቢ ብለዋታል። የእኛ ተርጓሚ ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ቢሆንም ቀጥ ብለን ቆመን እንሰማለን።

አምላክ የእኚህን እናት ነፍስ አንድም እሑድ ደጅ ሳያቆም ያስገባልን።