እማዬ በአንተ ስም የመለሰችው ጥያቄ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን አለህ ልል አስቤ ተውኩት፤ የፊዚክስ መምህር ነህና መልሱ የማይለካ ጥያቄ አትወድም።

ልደታን ብታያት አታውቃትም። በረንዳችን ላይ ቆመህ ወደ ሰንጋ ተራ የምታይበትን ክፍተት አዲስ ፎቅ ደፍኖታል። እማዬ ጠዋት ልደታ ማርያምን ተሳልማ ስትመለስ ደረጃው ላይ ሁለቴ ታርፋለች። ጉልበቴን ነው ትላለች እንጂ ዕድሜዬ ነው አትልም።

ከኳንተም ፊዚክስ እየተነሳሁ የምጽፈው ተከታታይ ልቦለድ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ረቂቅ በቀይ እስክሪብቶ እንዴት እንዳቀላኸው ትዝ ይልሃል? ኤሌክትሮን አይሰለቸውም ብለህ ስለጻፍክብኝ አንድ ቀን ሙሉ አኩርፌህ ነበር። ደግሞ ልክ ነበርክ።

ሁለተኛውን እየጻፍኩ አርባ ምንጭ የማስተርስ ፈተና ላይ ሳለሁ ነው የሄድከው። ዘመድ ሁሉ ፈተናዬን እስክጨርስ መርዶው ይቆይ ብሎ ተስማማ። ቀብርህ ያለ እኔ ተፈጸመ፤ እኔ የሰማሁት ከስምንት ቀን በኋላ ነው። በመሀሉ ግን ምኑንም ሳላውቅ ቤት ደውዬ በእማዬ በኩል ጥያቄ ልኬልህ ነበር። የተሳሰሩ ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀው ሳለ አንዷ የደረሰባትን ሌላዋ ወዲያው ታውቃለች ወይ፣ የልቦለዴ ጀግና በዚህ መንገድ መልእክት ብትልክስ ያስኬዳል ወይ ብዬ። እማዬ ጉሮሮህን አሞህ መናገር እንዳልቻልክ ነገረችኝ። ጥቂት ቆይታ መልሳ ደወለችና፣ አዎ ታውቃለች ብሏል አለችኝ። መርዶውን ከሰማሁ በኋላ ቀኑን ለማገናዘብ ልብ አልነበረኝም። የመጨረሻ ቃልህ ነው ብዬ ይዤው አሳተምኩት።

በቀደም አንድ የፊዚክስ ተማሪ ስህተት ነው ብሎ ጻፈልኝ። ቅንጣቶቹ ቢተሳሰሩም በእነሱ ወሬ መላክ አይቻልም። አንተ እንዲህ ያለውን አትስትም ብዬ የደወልኩበትን ቀን ፈልጌ አገኘሁት። ከተቀበርክ ሦስተኛው ቀን ነበር።

እማዬን ስጠይቃት መጽሐፌን ያበላሸች መስሏት አለቀሰች። ልቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት፣ እሷ ኩሽና ገብታ በሩን ዘግታ ነው ለካ የመለሰችልኝ። ምን አስባ አዎ እንዳለች እስካሁን ይገርመኛል። ምናልባት የተሳሰሩ ሁለት ነገሮች ሳይተዋወቁ እንዴት ይቀራሉ ብላ ይሆናል።

እኔ ግን አላወቅኩም፣ አባዬ። አንተ ስትቀበር ካፊቴሪያ ተቀምጬ ከጓደኞቼ ጋር እስቅ ነበር። ውስጤ አንዳች ነገር አልነገረኝም። ከልቤ ብወደው ኖሮ ይሰማኝ ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ በራሴ አፈርኩ መሰለህ። የገላገለኝ የዚያ ተማሪ ደብዳቤ ነው። ፍቅር አንሶኝ አይደለም፤ ወሬ በዚያ መንገድ አይሄድም።

የዚያ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ሊወጣ ነው። ስህተቱን አርሜዋለሁ፤ ባላርመው አትለቀኝም ነበር። መታሰቢያነቱን ግን ስምንት ቀን ሙሉ በሕይወት ላቆየችልኝ ለእማዬ አድርጌዋለሁ። ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር ሰው ዕድሜህን ሲጠራ እሰማለሁ። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ስምንት ቀን ጨምሬበት አስብሃለሁ።

ልጅህ