እማማ እና ሰባተኛው ኮርስ

ውድ እማማ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ልጅዎ «የሐይቁ ነፋስ ለአጥንት አይበጅም» እያለ በየማለዳው ያጉረመርማል። እኛ ደኅና ነን። ትልቋ የፊት ጥርሷን አውልቃ «ስ» ማለት አቅቷት ትናንት ሙሉ ቀን ስታስቀን ዋለች። ትንሹ በቅናት የራሱን ጥርስ ሲነቀንቅ ተገኝቶ ተገሠጸ።

ይህን ወረቀት ሲያዩ «ስልክ እያለ ምን ሆና ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ። ግን ከመጀመሪያው ልነሳ። ታሪኩን ያውቁታል፤ በእኔ ውስጥ ያለፈውን ግን አያውቁትም።

የሙያ ማኅበሩ መልእክት የመጣ ቀን ወጥ ቤት ነበርን። እርስዎ ድንች ይልጣሉ፣ እኔ ሰሃን አጥባለሁ። ስልኬ ጮኸ፣ እጄን ጠርጌ አነበብኩና ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ቀን ቀን ከመድን ድርጅቱ መስኮት ኋላ እየዋልኩ፣ ከሥራ ስወጣ ወደ ክፍል እየሮጥኩ ስድስቱን ኮርስ ጨርሼ ነበር። የቀረኝ ፈተናው ብቻ ነው። እሱን ካለፍኩ የፋይናንስ እቅድ አማካሪነት ማረጋገጫ ይሰጠኛል፣ ከመስኮቱም ወጥቼ በራሴ ጠረጴዛ ሰው አማክራለሁ። መልእክቱ ግን «የትምህርት መስፈርቱ ተሻሽሏል» ይላል። ሰባተኛ ኮርስ ተጨምሯል፤ ፈተናውን ያልወሰደ ሁሉ ሊማረው ግድ ነው። ኮርሱ ደግሞ በመጽሐፍ የሚያልቅ አይደለም። ከአንድ እውነተኛ ሰው ጋር ተቀምጦ፣ ፍላጎቱን ሰምቶ፣ የኑሮውን ሙሉ እቅድ ሠርቶ በገምጋሚዎች ፊት ማቅረብ ነው። ባል አይሆንም፤ የሥጋ ዘመድም ክልክል ነው።

ልጅዎ ሲመጣ ነገርኩት። «ተይው በቃ! እነዚህ ሰዎች ነገ ደግሞ ስምንተኛ ይጨምራሉ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው፣ እኔን ግን የባሰ አስለቀሰኝ። እርስዎ ቢላዎን አስቀመጡ።

«እኔና አንቺ የሥጋ ዘመድ ነን እንዴ?»

«አይደለንም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሰው ከፈለግሽ ይኸው።»

እውነቱን ልንገርዎት? ያን ጊዜ በአንድ ጣራ ሥር አራት ዓመት ኖረን፣ ስለ ጨውና ስለ ልጆቹ ካልሆነ እኔና እርስዎ እምብዛም አናወራም ነበር። ተኳርፈን አይደለም። እርስዎ እንዳይከብዱኝ ይጠነቀቃሉ፣ እኔ ክብርዎን እንዳልነካ እጠነቀቃለሁ። በጠባብ መተላለፊያ ተገናኝተው «ይለፉ»፣ «የለም አንቺ እለፊ» ሲባባሉ እንደቆሙ ሰዎች ነበርን።

እቅዱን መጀመሪያ የሠራሁት እርስዎን ሳልጠይቅ ነው። ምን ያስጠይቃል? ጡረታዎን አውቀዋለሁ፣ መድኃኒትዎን የምገዛው እኔ ነኝ። «የደንበኛዋ ዓላማ፦ ከልጃቸው ጋር በሰላም መኖር» ብዬ ጻፍኩ። የኮርሱ አስተማሪ፣ እንደ አረማመዳቸው ንግግራቸውም ስለማይቸኩል እኛ ተማሪዎቹ «ቀስበቀስ» የምንላቸው ሰውዬ፣ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ንጹሕ ሥራ ነው። የማን እቅድ ነው?»

«የአማቴ።»

«ይሄን ዓላማ የነገሩሽ እሳቸው ናቸው?»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«ስሌቱንማ በስድስቱ ጨርሳችሁታል። ሰባተኛው ለምን የተጨመረ ይመስልሻል? ሂጂና ጠይቂያቸው።»

ሐሙስ ዕለት ፈቃድ ወሰድኩ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ልጅዎ ሥራ ነበሩ። «እማማ፣ ዛሬ የምጠይቅዎት አለ» ስልዎት «እሺ» ብለው ክፍልዎ ገቡ። ቆየት ብሎ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ወዲያው የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። ብከፍት እርስዎ ነዎት! የሥራ ዘመን ጫማዎን ተጫምተው፣ ጥቁሩን ቦርሳ አንጠልጥለው።

«አማካሪዋ አሉ?» አሉኝ።

ሳቄ አፈነኝ። «አሉ፣ ይግቡ።»

«ደንበኛ ከሆንኩማ እንደ ደንበኛ ነው» ብለው ቦርሳዎን ጭንዎ ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ስለ ጤናዎ፣ ስለ ጡረታዎ፣ በስልክ ቤት የሰው መስመር ሲያገናኙ ስለኖሩበት ዘመን ጠየቅኩ። ሁሉንም ጥርት አድርገው መለሱልኝ። ከዚያ ለወደፊቱ ኑሮዎ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኩዎት። የቦርሳዎን ማንጠልጠያ ሲያሹ ቆዩ።

«ይሄ በእኔና በአንቺ መሃል ነው?»

«አዎ። አማካሪ ምስጢር ይጠብቃል።»

«ለባልሽም አይነገርም?»

«ለማንም።»

«በሩን ራሴ የምቆልፈው ቤት እፈልጋለሁ» አሉ። ያቺ «ሳቂታ» የሚሏት የስልክ ቤት ጓደኛዎ ሐይቁ ዳር ካለው ቤቷ ሁለት ክፍል ባዶ እንደሆነ፣ በደወለች ቁጥር «ነይ አብረን እንኑር» እንደምትልዎት ነገሩኝ።

«ምን አጎደልንብዎት?» አልኩ። አማካሪነቱ ከአፌ ጠፋ፣ ምራት ሆኜ ቁጭ አልኩ።

«ምንም። ልጆቹ ነፍሴ ናቸው። ግን እዚህ እንግዳ ነኝ፤ ደግ ሰው ቤት ያለ እንግዳ። ወንበር ላዞር ስል እንኳ ‹ይፈቀዳል?› እላለሁ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ድምፅዎ ላይ ቁጣ አልነበረም። የከበደኝም ለዚህ ይሆናል።

ያን ሰሞን የማደርገው ጠፋኝ። እርስዎ ከሄዱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣቸዋል? ጎረቤቱ «ምራቲቱ አባረረቻቸው» ማለቱ አይቀርም። ባለቤቴስ? አንድ ልጅዎ ነው፤ አባቱ ባረፉ ጊዜ «እናቴ እኔ ጋ» ብሎ ይዞዎት የመጣ። እቅዱ «አይቻልም» ቢለኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሠራሁት፣ ደግሜ ሠራሁት። ይቻላል። ጡረታዎ ከሳቂታ ጋር ተጋርተው ለሚኖሩት ኑሮ ይበቃል፣ ለሕመም የሚቀመጥም ይተርፋል። መመለስ ቢያሻዎት ክፍልዎ እንዳለ እንደሚጠብቅዎት ጨምሬ ጻፍኩና አነበብኩልዎት። መነጽርዎን አውልቀው በቀሚስዎ ጠረጉና «ሲጻፍ ጊዜ የእውነት መሰለኝ» አሉ።

ለልጅዎ ግን ራስዎ እንዲነግሩት ለመንኩዎት። እሑድ ምሳ ላይ ነገሩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ማን ምን ብሎሽ ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ! ለአንድ ወረቀት ብለሽ እናቴን ከቤት ታስወጫለሽ?»

አፌን ልከፍት ስል እጄን ያዙኝ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ልጆቹ እያዩ።

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አሉት። «አባትህ ካረፈ ወዲህ የሚያስፈልገኝን ሁሉም ሰው ያውቅልኛል። ምን እንደምፈልግ የጠየቀችኝ ግን እሷ ናት። ስለምወድህ ዝም አልኩ፤ አሁንም ስለምወድህ ነው የምነግርህ።»

ተነስቶ ወጣ። ሲያኮርፍ ምን እንደሚመስል ያውቁታል፤ ቤቱ በሙሉ ኮቴውን ሳያሰማ ይሄድ ነበር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ የመሣሪያ ሳጥኑን መኪናው ላይ ጭኖ ሄደ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ልብሱ ቀለም በቀለም ሆኗል። «የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያንሸራትታል፣ መደገፊያ ብረት ገጥሜበታለሁ። የበሩ ቁልፍም አይረባም ነበር፣ ቀየርኩት» አለና አዲሱን ቁልፍ መዳፍዎ ላይ አኖረው። «ያቺ ጓደኛሽ ደግሞ ወሬዋ አያልቅም!» እርስዎ ሳቁ፣ እኔ አለቀስኩ፣ እሱ እጁን ሊታጠብ ገባ።

ገምጋሚዎቹ ፊት የሆነውን ግን አልነገርኩዎትም። አንዷ ሴት እቅዱን ገልጣ ገልጣ «ይህ ነገር አንቺን ይጎዳሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። «እንዴት?» ስትል «ደንበኛዬ ሲሄዱ ቤቴ ይጎድላል» ብዬ ከዚያ ወዲያ መናገር አቃተኝ። ብዕሯን አስቀምጣ ውሃ ቀዳችልኝ። ሰባተኛውን ያለፍኩት እንዲህ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ የዋናው ፈተና ውጤት መጣ። ከመሥሪያ ቤት እስከ ቤት በሩጫ ነው የደረስኩት። በሩን በርግጄ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ «እማማ! አለፍኩ!» ብዬ ወደ ክፍልዎ ጮኽኩ። የመለሰልኝ የለም፤ ለካ እርስዎ ሐይቁ ዳር ገብተዋል። ልጅዎ ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ አየኝ። ስልኩን አውጥቶ እርስዎ ጋ ደውሎ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። «ሃሎ፣ ልጄ?» አሉ። ድምፅ አልወጣልኝም። «ሃሎ! መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» ሲሉ ዘጋሁት። በኋላ እሱ መልሶ ደውሎ ማለፌን ሲያበስርዎትና እርስዎ በደስታ ሲጮሁ፣ እኔ ክፍልዎ ገብቼ አልጋዎ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

መስመሩ አልተቋረጠም ነበር፣ እማማ። ልጅ ሳለሁ ፈተና አልፌ ስመጣ በር ላይ ቆሜ የምጮኸው ለእናቴ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ስመረቅም፣ ሥራ ስይዝም ቤቴ የገባሁት በዝምታ ነው። ማክሰኞ ግን ሳላስበው ጮኽኩ። በስልክ ልነግርዎት ያቃተኝ ይህ ነው።

የፊታችን እሑድ ሁላችንም እንመጣለን። ምሳ አይሥሩ፣ ይዤ እመጣለሁ። ሳቂታን ሰላም ይበሉልኝ።

ሴቷ ልጅዎ