ስምንት ቺፕ ለአንድ ዜማ፦ የጋሽ ጆሮ የሕይወት ታሪክ

የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» እያለ የሚጠራቸው ሬዲዮ ሠሪው ወንድማችን፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። የስፌት መኪናው ዘይት አንሶት መጮኽ ሲጀምር በቤቱ ውስጥ ቀድመው የሚያለቅሱት እሳቸው እንደነበሩ እናታችን እስከ እርጅናቸው ድረስ ይናገሩ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ከሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ተዛውረው የሬዲዮ ጥገና ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በቴክኒሺያንነት ተቀጥረው ለዓመታት በቅንነት አገለገሉ። አለቃቸው ለማንኛውም ጉድለት «ለሰው ጆሮ ይበቃል» ማለት ያዘወትሩ ነበር። ወንድማችን ስድብ ይችላሉ፤ «ይበቃል» የምትለዋን ቃል ግን አይችሉም። በ1978 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው ከጫማ ሰፊውና ከፎቶ ቤቱ መካከል የራሳቸውን ጠባብ ሱቅ ከፈቱ።

በ1974 ዓ.ም. ከአንዲት ነርስ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። እውነቱን ለመናገር ከእሳቸው ጋር መኖር ቀላል አልነበረም። ሙዚቃ ሲከፈት መጥረግ የለም፣ ሰሐን ማጠብ የለም፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል ተብሎ ይነቀላል፣ መልሶ የሚሰካው ግን አይገኝም። ባለቤታቸው ወተቱ በተበላሸ ቁጥር «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ስቱዲዮ?» ይሉ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ሳይጣሉ ተለያዩ፤ መጣላትም ድምፅ አለውና። ልጃቸው ከእናቷ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ማቀዝቀዣውን የሚሰኩበት ምክንያት አልነበረም፤ ባዶ ነበር።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ሥራቸውን የጀመሩት በ1992 ዓ.ም. ነው። በሲዲ ማጫወቻ ውስጥ በዲስኩ ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ድምፅ የምትለውጥ ትንሽ ቺፕ አለች። እያንዳንዷ ቺፕ ከዜማው ጋር የራሷን ሽሽታ፣ ያን «ሽሽሽ» የሚል ረባሽ ድምፅ፣ ትጨምራለች። ወንድማችን ከተጣሉ ማጫወቻዎች ተመሳሳይ ቺፖችን እየነቀሉ አንዷን በሌላዋ ጀርባ ላይ ጫኑ፤ እግርን ከእግር በየዱና ሁሉም ያንኑ ዜማ በአንድ ጊዜ እንዲያወጡ አደረጉ። ዜማው በሁሉም ዘንድ አንድ ስለሆነ ይደመራል፤ ሽሽታው ግን የየራሳቸው ስለሆነ እርስ በርሱ አይስማማም፣ ከዜማው ጋር ሲነጻጸር እያነሰ ይሄዳል። አራት ሲሆኑ በግማሽ ቀነሰ። እሳቸው ግን መች ይበቃቸዋል፤ ስምንት አደረሷቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ለእናታችን ሲያስረዱ፣ እናታችን መነጽራቸውን አውልቀው «ለማጫወቻው ስምንት ጓደኛ አገኘህለት። ላንተስ?» አሏቸው።

አንድ እሑድ ቤተ ዘመዱን ሰብስበው አስደመጡ። ሁላችንም ጆሯችንን ቀስረን ጠበቅን። ነጋዴው አማቻችን ዘፈኑ ሳይጋመስ «እና ምኑን ነው የምንሰማው?» አሉ። ወንድማችን «የሌለውን» ብለው መለሱ፤ ሽሽታውን ማለታቸው ነበር። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን በኋላ ከልጃቸው በቀር ማንንም አልጋበዙም። እሷ አብራቸው ቁጭ ብላ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድታዳምጥላቸው ይመኙ ነበር፤ ከዚህ ዓለም ሌላ የጠየቁት ነገር አላውቅም። ልጅቷ ለጥየቃ ስትመጣ ግን ወይ ስልኳ ይጮኻል፣ ወይ መኪና በር ላይ ይጠብቃታል። እሳቸውም ማጫወቻውን አጥፍተው እስከ አስፋልቱ ይሸኟታል።

በ2008 ዓ.ም. ገደማ የክራሩ ቀጭን ጅማት ጠፋ፣ የዘፋኟ ትንፋሽ ጠፋ እያሉ ማማረር ጀመሩ። ጥፋቱን በቺፖቹ ላይ ጣሉ። ስምንቱን አሥራ ስድስት አደረጉ፤ ቺፖቹ ሙቀቱ በዝቶባቸው እጅ የሚፈጁ ሆኑ፤ የጠፋው ድምፅ ግን አልተመለሰም። በግድ ጎትቼ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኳቸው፤ ሐኪሙም «አባቴ፣ ማሽንዎ ደህና ነው፤ የደከመው ጆሮዎ ነው» አሏቸው። ከዚያ በኋላም ሱቃቸውን አልዘጉም። የጣታቸውን ጫፍ በስፒከሩ ላይ አሳርፈው፣ ንዝረቱን እየዳሰሱ ይጠግኑ ነበር። ደንበኛ ግን እያደር ራቃቸው፤ ጆሮው ለማይሰማ ሬዲዮ ሠሪ ማን ሬዲዮውን ይሰጣል? አመሻሹ ላይ ብቻቸውን ከማጫወቻው ፊት ተቀምጠው፣ ማብራቱንም ረስተው አገኛቸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። ልጃቸው የሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአልጋቸው ተነሥተው ማጫወቻውን ከፈቱ፤ እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች። ስልኳ ሲጮኽ ዘጋችው። ወንድማችን በዚያን ጊዜ አንዲት ድምፅ እንኳ አይሰሙም፤ ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ ሳይነቅሉ ግን ዘፈኑን ሙሉውን ተከታተሉት። ሲያልቅ «እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋት። ብትናገርም እንደማይሰሟት ታውቃለች። እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። እሳቸውም ሳቅ ብለው «በይ ድገሚው» አሏት።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና ይህን የጻፍኩትን እኔን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። የልጃቸው እናትም ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። ለአስታማሚዎቻቸውና ለቀብራቸው ለደረሳችሁ ሁሉ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። ነፍሳቸውንም ብቻቸውን በማያዳምጡበት ስፍራ ያኑርልን።