ሦስት ፊደል ያለበት ኮት

ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ
የካቲት 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርቅነሽ ይርጉ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ስድስት ዓመት አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ ጤናሽን ስጠይቅ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ። እኔ ደህና ነኝ። ወንድምሽ ሳሙኤልም ሚስቱ ዊንታም ደህና ናቸው። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ እጄ የለመደው መርፌ ነውና ፊደሉን ታግሰሽ አንብቢው።

የምጽፍልሽ በሥራሽ ጉዳይ ነው። አንቺ የምታውቂውን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ።

መርካቶ ከስፌት ሱቄ ፊት ለፊት የሳልባጅ ቦንዳ ዘርግፈሽ የተቀመጥሽ ዕለት ያልኩሽን አልረሳሁም። የሞተ ፈረንጅ ልብስ እየቸበቸብሽ ልጅህ ነኝ አትበዪኝ ነው ያልኩሽ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ድረስ ታረቃት እያለች ለምናኛለች። ለቅሶዋ ላይ እንኳ ፊት ለፊት ተቀምጠን አልተነጋገርንም። አርባ ዓመት ሰው ያለበስኩ ሰው፣ ሌላ ገላ የነካው ጨርቅ ቤቴ አይገባም ብዬ።

እዚህ ሰው ለእርዳታ የሰጠውን ልብስ የሚሸጥ ሱቅ አለ። እኔ ስመጣ ሐበሻው ከዚያ የሚገዛው ተደብቆ ነበር። ቤተ ክርስቲያን «ከየት ነው?» ሲሉት ከትልቁ ሱቅ ነው ይላል። አሁን ዊንታ ከዚያ የገዛችውን ጓደኞቿን ሰብስባ ታሳያለች።

«አባባ፣ ሀብታሞቹም እኮ እዚያ ነው ሾፕ የሚያደርጉት። ፋሽን ነው» አለችኝ ኅዳር ላይ።

«የሬሳ ፋሽን» አልኳት።

«ኦኬ፣ እንግዲያው መኪና ውስጥ ቁጭ ይበሉ።»

ብርዱ አላስቀምጥ አለኝና ገባሁ። ስፌቱን ልነቅፍ ብዬ አንድ ቡናማ ኮት አወረድኩ። ማሽን ላይ ከማጎንበስ ብዛት ግራ ትከሻዬ ዝቅ ማለቱን ታውቂያለሽ፤ ለራሴ ስሰፋ በግራ በኩል ጥጥ እጨምራለሁ። የኮቱ ግራ ትከሻ ጥጥ ተደርቦበታል። በእጅ። ልክ የእኔን ያህል። ብለብሰው አንድ ቦታ አልያዘኝም። ገበሩ ላይ በጥቁር ቀለም ሦስት የፈረንጅ ፊደል አለበት። ዊንታ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ አወቀችው፤ ልብሳቸው እንዳይቀያየር የስማቸውን መነሻ ፊደል ይጽፉበታል አለችኝ። ልከፍል ስቀርብ ሒሳብ የምትቀበለው ፈረንጅ አሮጊት አየችኝና አንድ ነገር ተናገረች። ዊንታ ሳቀች።

«እንኳን ደህና ተመለሱ ነው የሚሉዎት። ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባቸው ነው።»

ታኅሣሥ ላይ እዚያው ሱቅ መነጽር አየሁ፤ ዘንጉ ላይ እነዚያው ፊደሎች። ዓይኔ ደህና ነበር፣ ግን ገዛሁት። በሳምንቱ ዳዊቴን ብገልጥ ፊደሉ ጭጋግ ሆነብኝ፤ በዚያ መነጽር ሳየው ጠራ። ጥር ላይ እግር ላበጠበት ሰው የሚሆን ሰፊ ጫማ መጣ፤ እሱንም ገዛሁት። በአሥረኛው ቀን እግሬ አብጦ የራሴ ጫማ አልገባ አለ። ቀጥሎ ከዘራ። ያን ጊዜ ነገሩ ገብቶኝ ስለነበር ትቼው ወጣሁ። ደጃፉን ሳልፍ ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳውን ይዤ ተመልሼ ገዛሁት።

ለሳሙኤል አልነገርኩትም። ሐኪም ቤት ካልወሰድኩህ ብሎ ይነዘንዘኛል።

ባለፈው ቅዳሜ መስቀያውን ሁሉ አገላበጥኩ። የዚያ ሰው ዕቃ የለም። ዊንታን፣ ሌላ ነገር አልመጣም ወይ ብለሽ ጠይቂያት አልኳት። አሮጊቷ ከዘራዬን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

«ምን አለች?»

«ምንም አላሉም አባባ።»

«ዊንታ!»

መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሣች። ከዚያ መሪውን እያየች፣ «ዕቃውን በየጊዜው የሚያመጡት የባለቤቱ ልጅ ናቸው አሉ፤ ከሩቅ መጥተው በሕይወት አልደረሱባቸውም። ከዘራው የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ለሰውዬው ምንም አላስፈለጋቸውም» አለችኝ።

ፈርቼ እንዳይመስልሽ። እንዲያው ስንት ቦንዳ ፈትተሻልና ልጠይቅሽ ብዬ ነው። የአንድ ሰው ልብስ ተራውን ጠብቆ ሲመጣ ከርሞ ድንገት ሲቆም ገጥሞሽ ያውቃል? የገዛውስ ሰው ምን ሆነ? እኔ የማውቀው አዲስ ልብስ ነው። የተለበሰ ልብስ ምን ይዞ እንደሚመጣ አንቺ ትበልጪኛለሽ።

መልሱን በፖስታ አትላኪው፤ ፖስታ ይዘገያል። ሳሙኤል የመጥሪያ ወረቀትሽን ሰሞኑን ይልክልሻል። ዕቃሽን ለሰው አደራ ስጪና ራስሽ ነይ። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ እኔው እቀበልሻለሁ። ቡናማ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ቆሞ ብታዪ ግን፣ ቀርበሽ ፊቱን ሳታረጋግጪ አባባ ብለሽ እንዳትጠሪው።

ገበያሽን ይባርክልሽ። የምትፈቺው ቦንዳ መልካም መልካሙ ይውጣልሽ።

አባትሽ
ይርጉ ሞላልኝ