ለበረሃው ወንዝ ፈቃድ

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርሽ፤ ዋና እችላለሁ። የአባትሽ ታንኳ ሐይቁ ላይ ሲገለበጥ ግን አንቺን አርግዤ ስለነበር፣ ዳር ቆሜ ጮህኩ እንጂ አልገባሁም፤ እሱም ሰጥሞ ቀረ። ውሃ እንዳትገቢ ስከለክልሽ የኖርኩት ለዚህ ነው።

የኔ ዓለም፣ የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ከጦርነቱ የሸሹት የውጫሌ ዘመዶቻችን ተመልሰዋል፤ አጎትሽ ኡበይድም ጣሪያውን እየጠገነ ነው።

በስልክ «እማ፣ በበረሃው ገደል መሃል በሚወርደው ወንዝ ለቀናት በጎማ ጀልባ ልንጓዝ ነው፤ ፍቀጂልኝ» ስትይኝ «በደብዳቤ እመልስልሻለሁ» ብዬ የዘጋሁት ተቆጥቼ አይደለም። ሂጂ። የመንሳፈፊያውን ጃኬት ለመኝታ ካልሆነ አታውልቂ። ሰው ከወደቀም አትጩሂ፤ ገመድ ወርውሪለት። አላህ ውሃውን ያለዝብልሽ። ከገደሉ ስትወጪ ድምፅሽን አሰሚኝ።

ያን ቀን ዳር በመቆሜ ለተረፈችልኝ ልጄ፣ ለሒክማ ይድረስ።